ለእናቴ እጅ የተሠራው ሳሙና

ባለፈው ወር ፒያሳ፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ወደተከፈተ አንድ ትንሽ ሱቅ ገባሁ። የሳበኝ ሽታው ነው። የሎሚ ልጣጭና የጠጅ ሳር ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ ገና ያልበሰለ ሳሙና ጠረን። መደርደሪያው ላይ በእጅ የተቆራረጡ ሳሙናዎች በቃጫ ታስረው ተደርድረዋል። ሻጯ ልጅ አንዱን አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና «አይዞሽ እህቴ፣ የእንስሳት ስብ የሚባል የለበትም» አለችኝ።

ልጅቷ አላጠፋችም። ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀውን ቀድማ መመለሷ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሳሙናውን መልሼ አስቀመጥኩና በወጉ እንኳ ሳልሰናበታት ወጣሁ። መንገዱ ላይ ቆሜ ራሴን ታዘብኩት። ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቶ የአንድ ሳሙና ነገር ሰውን እንዲህ ያንገበግባል? ያንገበግባል።

የአስር ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ፣ አምስት ቤት አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። ዛሬ ግቢውም የለም፤ ወደ ግቢው የሚያስገባው፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት ቀጭን መንገድም የለም። አባቴ ሰይድ ከወሎ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው። እናቴ ዘይነባ አራት ልጆቿን፣ ባሏንና የባሏን ወንድም አጥባ የምታለብስ ሴት ነች። ከቤታችን ፊት ለፊት እትዬ በላይነሽ ይኖሩ ነበር፤ ከእሳቸው ቤት ጎን ደግሞ አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትነግድ ወይዘሮ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። «ነበረች» የምለው ሆን ብዬ ነው። ለታላቅ «ነበሩ» እንደሚባል እናቴ በደንብ አስተምራኛለች። ለእሷ ግን ከዚያ ክረምት በኋላ አንደበቴ እምቢ አለኝ።

እትዬ በላይነሽ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ሳሙና መሥራት የተማሩት በወጣትነታቸው አብረዋቸው ቢሮ ከሠሩ አንዲት አርመን ሴት ነው። ለሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሲመቱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ያ የጥንት ነገር ትዝ አላቸውና ጀመሩት። አይሸጡትም። ለጎረቤት ይሰጣሉ፣ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይሰጣሉ፣ የተረፈውን አልጋቸው ሥር ይደረድራሉ። ሰው ግን ይሄን መቀበል አቃተው። «ምን ሊሠራልዎ ነው?» ይሏቸዋል። «ደስ ይለኛል» ይላሉ። መልሱ ለማንም አይጥምም። ሰው ደስ ስላለው ብቻ ጭስ ውስጥ ተቀምጦ ሞራ ሲያቀልጥ ይውላል እንዴ? ከኋላው ሌላ ነገር ይኖራል እንጂ ይባላል።

የመጀመሪያውን በአልሙኒየም ድስት ሞከሩት። ኮስቲክ ሶዳው ድስቱን በላው፤ ተንጨርጭሮ ጠቆረና ታቹ ተበሳ። እትዬ አልተናደዱም፤ ድስቱን አፈር ሞልተው ጤና አዳም ተከሉበት። ከዚያ በኋላ ብረት ድስት ገዙ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት የተጣለች አሮጌ ሚዛን አመጡ። ኮስቲኩን በዚያች የወርቅ ሚዛን፣ የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር የሚመዝኑት። ስቡን ከሉካንዳ ቤት በነጻ ያገኙታል። አንድ ቀን በፌስታል ሞራ ይዘው ሲገቡ ወይዘሮ አስካለ ከበሯ ሆና «እትዬ ደግሞ ሞራ ገላጭ ሆኑልን» ብላ ሳቀች። ሴቶቹም አብረዋት ሳቁ።

እኔ ግን ነገሩን የምር ያዝኩት። ሞራ ገላጭ ማለት የታረደ በግ ሞራ ዘርግቶ የሚመጣውን የሚናገር ሰው መሆኑን ከአጎቴ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እትዬ ቤት መመላለስ የጀመርኩት ሳሙና ለመማር አልነበረም። ድስቱ ውስጥ የወደፊቱን ለማየት ነበር። ቀልጦ በሚንጫጫው ስብ ላይ አንገቴን አስግጌ ስቆይ እትዬ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። አባባ ቴሌቪዥን የሚገዛልን መቼ እንደሆነ ይታይ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቃቸው መነጽራቸውን አስጣላቸው። ከዚያም ማማሰያውን ሰጡኝና «አማስዪ፤ የሚታየው እስኪታይ» አሉኝ። የዚያ ክረምት ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ።

ያ ክረምት የእናቴ እጅ የተሰነጠቀበት ክረምት ነው። ውኃው በረዶ ነው፣ ልብሱ አይደርቅ፣ ያልደረቀው ይሸትና ዳግም ይታጠባል። የሱቁ ሳሙና ቆዳዋን ላጠው። ጣቶቿ በየመገጣጠሚያው ተሰንጥቀው ደም ያወጡ ነበር። በርበሬ የነካች ቀን ትንፋሿን ውጣ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ቫዝሊኑም ቅቤውም አልረዳትም።

እትዬ በላይነሽ አንድ ቀን ቧንቧው ጋ እጇን ይዘው አገላብጠው አዩት። በነጋታው ወደ ቤታችን መጡና በሩ ላይ ቆመው ለእናቴ ነገሯት። ለእሷ ቤት የሚሠሩት ከዘይት ብቻ ይሆናል፤ ከሉካንዳ የመጣ ነገር አይነካውም፤ ድስቱም ማማሰያውም አዲስ ነው፤ እናንተ የማትበሉትን ሰውነታችሁ ላይ አላስነካም አሏት። እናቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልብ በሉ፣ ማንም አልጠየቃቸውም። የክርስቲያን ሥጋ እንደማንበላ፣ የእኛን ሥጋ እሳቸው እንደማይበሉ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሳሙና ድረስ ወስዶ ያሰበው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዘይቱን አብሬያቸው ሄጄ ገዛሁ። የሚረጋውን የምግብ ዘይት ከሱቅ፣ የኮኮናቱን ከፋርማሲ። ለሽታ የሚሆነውን የሎሚ ልጣጭ አትክልት ተራ ከጭማቂ ቤት ደጅ ለቀምኩ። አዲሱ ድስት እጀታው ላይ ቀይ ክር ታሰረበት፤ ማማሰያውም እንዲሁ። ኮስቲኩን ውኃው ላይ ሲጨምሩ እኔን በር ላይ ያቆሙኛል። «ሶዳውን ወደ ውኃ፤ ውኃውን ወደ ሶዳ በፍጹም» እያሉ ያስደግሙኛል። ውኃው እሳት ሳይነካው ሲግል፣ ሲጨስ አያለሁ። በርዶ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ግን ተራው የእኔ ነው። ክንዴ እስኪዝል አማስላለሁ። መጀመሪያ ቀጭን ነው፤ ከዚያ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ ማማሰያውን አንስቼ ጠብ ሳደርገው ጠብታው ላዩ ላይ ምልክት ጥሎ ይቀራል። ያኔ ጣውላ ሳጥን ውስጥ ይገለበጥና በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ያድራል። በነጋታው ይቆረጣል፤ ከዚያ አልጋ ሥር አምስት ሳምንት።

«አሁን ይተኛ» ይሉ ነበር እትዬ። እኔም ተኝቷል ብዬ እነዚያን አምስት ሳምንታት በሙሉ ቤታቸው በእግር ጣቴ ነበር የምገባው። አንድ ቀን አስነጥሶኝ በጣም ደንግጬ አልጋው ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ነሐሴ ሲገባ ሳሙናው «ነቃ»። እናቴ በእሱ መታጠብ፣ ማጠብ ጀመረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንጥቁ ገጠመ። አንድ ቀን ፀጉሬን ስትሠራ ጣቷ ጭንቅላቴን እንደ ድሮው እንደማይቧጥጠኝ ተሰማኝ። ራሷም አስተውላ ኖሮ እጇን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ አየችው። በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያ ጠቃሚ ነገር ያ ነው። አማስዬዋለሁ፤ የእኔም ነው።

ያን እጅ ወይዘሮ አስካለም አይታዋለች። እትዬ በላይነሽ ዘንድ ሄደች። እኔም እዚያው እትዬ ቤት ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። አትክልት ተራ ለተሸካሚዎቹ፣ ለነጋዴዎቹ እንሽጠው፤ እርስዎ ይሥሩ፣ እኔ ልውሰድ አለች። እትዬ ለሽያጭ አልሠራም አሉ። ደጋግማ ጠየቀች። እትዬም ደጋግመው፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ እምቢ አሉ። «የሠላሳ ዓመቱ ሥራ ይበቃኛል፤ ይሄ ጨዋታዬ ነው» አሏት። ወይዘሮ አስካለ ስትወጣ እንደ መጫወት አድርጋ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። አሳመመችኝ።

ከሳምንት በኋላ አባቴ ከሱቁ በጊዜ ገባ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሳሙናው የት እንዳለ ጠየቀ። እናቴ አሳየችው። አትንኪው አላት። ወይዘሮ አስካለ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ «ለሃይማኖትህ አስቤ ነው» ብላ፣ እትዬ በላይነሽ በቀይ ክሩ ድስት ሞራ ሲያቀልጡ በዓይኗ ማየቷን ነግራዋለች። ስብ ጠቅልለው ሲሰጧችሁ ዘይት ነው ብላችሁ ትታጠባላችሁ ብላዋለች።

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። ዘይቱን ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ አፍስሼ፣ ራሴ ማማሰሌን ነገርኩት። ቀይ ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ አልኩት። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አልተመለከተኝም፤ ወደ እናቴ ዞሮ «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» አላት። ደግሞም ሰው ከመሬት ተነስቶ አያወራም፤ መስጊድ ያሉ ሰዎች ቢሰሙስ አለ። ያኔ የተሰማኝን ዛሬም በዚያው ሙቀት አገኘዋለሁ። ድስቱ ዘንድ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ምስክሯ ቆማ እየተናገረች፣ ያልነበረችው ሴት ታመነች። ለምን? እሷ ትልቅ ሰው ስለሆነች።

ከሁሉ የከፋው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ሳሙናውን በሳፋ ሰብስቦ ለእኔ ሰጠኝ። መልሺላቸው አለኝ። ራሱ መሄድ አፍሮ የአስር ዓመት ልጁን ላከ። ግቢውን ሳቋርጥ ወይዘሮ አስካለ በሯ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትለይ ነበር። ቀና አላለችም።

እትዬ በላይነሽ ሳፋውን ሲያዩ ገና ሳልናገር ገባቸው። ተቀበሉኝና አልጋው ላይ አስቀመጡት። አንዱን ሳሙና አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አንቺም አመንሽ?» አሉኝ።

አላመንኩም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «አባባ ነው የላከኝ» አልኩና ሮጬ ወጣሁ። በአባቴ ብዙ ተናድጃለሁ፤ በዚህ መልስ ግን የምናደደው በራሴ ነው።

የእናቴ እጅ በአሥር ቀን ውስጥ ተመልሶ ተሰነጠቀ። ሁላችንም እናያለን። አባቴም ያያል፤ ሳህን ስታቀርብለት ጣቷን ላለማየት ወደ ግድግዳው ይዞራል። እናቴ አንድም ቀን አልተማረረችም። እኔ ዝምታዋን ሽንፈት መስሎኝ በእሷም ተናድጄ ነበር። ለካ እያሰበች ኖሯል።

ጳጉሜ ውስጥ፣ ሴቶቹ ሁሉ የበዓል ልብስ ሊያጥቡ ቧንቧው ዙሪያ በተሰበሰቡበት ጠዋት፣ እናቴ ባልዲዋን አስቀመጠችና ወይዘሮ አስካለ ፊት ቆመች። እኔ የሚታጠበውን ልብስ ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ። ድምጿ እንደ ወትሮው ቀስ ያለ ነው። ሞራውን በቀይ ክሩ ድስት ሲያቀልጡ አይተሻል ወይ አለቻት። ወይዘሮ አስካለ አዎን፣ በዓይኔ አለች።

«መቼ ነው ያየሽው?»

ወይዘሮ አስካለ አልጠበቀችውም። ትንሽ አሰብ አደረገችና በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሰይድ ሱቅ ከመሄዷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አለች።

«ፍልሰታ ነበር እኮ» አለች እናቴ። «እትዬ በላይነሽ በፍልሰታ ጾም ሞራ ነኩ ነው የምትዪኝ?»

ቧንቧው ክፍት ስለነበር ውኃው ሳፋ ሞልቶ ሲፈስ ይሰማል። ማንም አልዘጋውም። እትዬ በፍልሰታ ሞራ ይቅርና ሞራ የነካ ድስት ቤታቸው እንደማያስቀምጡ፣ ጎረቤት ቤት አውጥተው እንደሚያስቀምጡ እዚያ ያሉት ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ። የሞራው ድስት የተቀመጠው ደግሞ ከእነሱ በአንዷ ቤት ነው። ሴትየዋ፣ «እኔ ጋ ነበር እኮ ድስቱ፤ እስከ ጾሙ ፍቺ ድረስ» አለች በቀስታ።

ወይዘሮ አስካለ ወሩን ተሳስቼ ይሆናል አለች። ከዚያም ለእናንተው ብዬ ነው፣ ለሃይማኖታችሁ ተጨንቄ ነው አለች። እናቴ የተሰነጠቀ እጇን አሳየቻት። «ስለ ሃይማኖቴ ስትጨነቂልኝ መጀመሪያ ውሸቱን ተዪው» አለቻትና ባልዲዋን አንስታ ወደ እትዬ በላይነሽ በር ሄደች። ስትወጣ በሁለት እጇ ሳሙና ይዛ ነበር። እዚያው፣ በሁሉም ፊት፣ ታጠበችበት።

ማታ አባቴ የሰማው ከእሷ አይደለም፤ ሰፈሩ ነገረው። ኮቱን ለብሶ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ እትዬ ዘንድ ሄደ። ተከትዬው በሩ ጋ ቆምኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ ሰው አሳስቶኝ ነው፣ ሃይማኖት ሆኖብኝ ነው እያለ ብዙ ተናገረ። እትዬ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ሰይድ» አሉት፣ «ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ከበራችን እስከ በራቸው ስድስት እርምጃ ነው። ሳሙናውን ለመመለስ እኔ ሄጄበታለሁ። ለመጠየቅ ግን ማንም አልሄደበትም።

ወይዘሮ አስካለ ይቅርታ አልጠየቀችም። ያኔም፣ ከዚያ በኋላም። ቀናት አለፉና እንደ ወትሮዋ በሯ ላይ እየተቀመጠች ሰው ሰላም ማለት ጀመረች። እኔ ጠብቄ ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች የሆነ ነገር ያደርጋሉ፣ ቅጣት ይኖራል፣ ቢያንስ አንድ ቀን ትሸማቀቃለች ብዬ ነበር። ምንም አልሆነም።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት እትዬ በላይነሽ ጠሩኝ። የአዲሱን ዙር ሳሙና በአሮጌ የታይፕ ወረቀት ጠቅልለው ለየቤቱ ሁለት ሁለት አዘጋጅተዋል፤ አብረን አደልን። መጨረሻ ላይ ሁለት ጥቅል ቀረ። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። እትዬ ቀጥ ብለው የወይዘሮ አስካለን በር አንኳኩ። «እንኳን አደረሰሽ» ብለው ሰጧት። እሷም ስማቸው ተቀበለች፤ ፊቷ ላይ የእፍረት ጥላ እንኳ አላየሁም።

ለእናቴ እጅ ታስቦ የተጀመረ ሳሙና፣ ያንን እጅ ዳግም ላስደማችው ሴት? በነጋታው ከሰዓት መስኮቷ ላይ አንዱን ጥቅል አየሁት። ዙሪያዬን ቃኝቼ ሹራቤ ውስጥ ከተትኩና ወደ እትዬ በላይነሽ ሮጥኩ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። «አስመለስኩልዎት» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ሳፋውን በመለስኩ ቀን እንኳ ያላየሁትን ፊት አየሁ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ። «የእሷ ነው።»

መዋሸቷን ነገርኳቸው፤ እንደማያውቁ ሁሉ። እናቴን፣ እሳቸውን፣ ሁላችንንም እንደበደለች እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ከዚያ የዋሸችውን እሷ ትወቀው፣ ይሄን ግን የሰጠኋት እኔ ነኝ አሉኝ፤ ሰጥታ በሰው እጅ የምታስነጥቅ ሴትዮ እንድባል አልፈልግም አሉኝ። ጥቅሉን እጄ ላይ አስያዙኝ። ወስጄ በራሴ እጅ እንድሰጣት፣ ይቅርታም እንድጠይቃት አዘዙኝ። እሳቸው በራቸው ላይ ቆመው ሊያዩኝ ነው።

እትዬ በላይነሽን ዛሬም ስማቸውን በፍቅር ነው የማነሳው። በዚህ ነገር ግን እስኪሞቱ ድረስ አልተስማማንም። ክብራቸው እንደነበር አሁን ይገባኛል። ቢገባኝም አልበረደልኝም። በዚያ ክረምት፣ በዚያ ግቢ ውስጥ፣ ጥፋቷን በአፏ እንድትናገር የተጠየቀች አንዲት ሰው ብትኖር እኔ ነበርኩ።

ወይዘሮ አስካለ በሯ ላይ ነበረች። ሳሙናውን ሰጠኋት። ከመስኮቱ እንደወሰድኩት ነገርኳት፤ ይቅርታ አልኩ። ጥቅሉን ከእጄ ወስዳ አሸተተችው። ከዚያ ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ልጅ ነሽ፤ ምን ታደርጊ» አለች። «ይቅር ብዬሻለሁ።»

ልሄድ ስዞር ክንዴን ያዘችኝ።

«አመሰግናለሁ አይባልም እንዴ?»

ወደ እትዬ በላይነሽ አየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ በይ ማለታቸው ነው።

«አመሰግናለሁ» አልኳት።